ሰዓዳ ጥፍር ስትመርጥ

ሰዓዳ ዑመር ሰው ስታይ ከፊት አትጀምርም፤ ከጣት ነው የምትጀምረው። ገበያ ውስጥ ሰላም ብላት ያለፈችውን ሴት «ማን ናት?» ተብላ ስትጠየቅ፣ «ስሟን አላውቅም፤ የቀኝ ሌባ ጣቷ ጥፍር መሐሉ ላይ መስመር ያለባት ናት» ብላ ትመልሳለች። ይህ መልስ ለማንም ጠቅሞ አያውቅም። እሷ ግን ከዚህ የተሻለ ምን መታወቂያ ይኖራል ብላ ትገረማለች። ቀበሌ በሚሰጠው መታወቂያ ላይ ፊት ተለጥፎ እጅ መቅረቱ ለሰዓዳ የመንግሥት ስሕተት ነበር። እንዲህ ያለውን አስተያየት በዚያ ዘመን ጮክ ብሎ መናገር ደግ ስላልሆነ ለጎረቤት ብቻ ነበር የምትነግረው።

ነገሩ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የሆነ ነው። ሰዓዳ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። አባቷ የደብረ ታቦር ልብስ ሰፊ ናቸው። እሷ ደግሞ በጥሩወርቅ ፀጉር ቤት ሁለት ዓመት ሠርታለች። ፀጉር ታጥባለች፣ ቢጎዲን ትጠቀልላለች፣ መብራት የመጣ ቀን ደንበኞቹን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ታስቀምጣለች። በክረምት እንሶስላ ወቅጣ የሴቱን እጅ ታቀላለች። ጥፍር መሞረድና መቀባትም ጀምራ ነበር፤ ግን ጀማሪ ስለሆነች የምትሠራው በር ሥር፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነው። ቤቱ ውስጥ መስኮት አጠገብ አንድ ባዶ ወንበር አለ። ጥሩ ብርሃን የሚገባው እዚያ ብቻ ነው። ሰዓዳ ወንበሩን ደጋግማ ጠይቃለች። የቤቱ ባለቤት ጥሩወርቅ «ወንበር የሚሰጠው ለባለሙያ ነው» ትላታለች። ባለሙያ የሚኮነው ደግሞ ብርሃን ባለበት ሲሠራ ነው። ሰው በሕይወቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ በር ፊት ይቆማል፤ ቁልፉ ከውስጥ ነው ያለው።

ታኅሣሥ እንደገባ አንድ ቀን የሺ የምትባል የግብርና ቢሮ ታይፒስት መጣች። ፊቷን በነጠላ ሸፍና አይደለም፤ እጇን ሸፍና ነው።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለቻት ሰዓዳ።

«ፊቴን ብቻ ብታዪልኝስ?»

«ፊትሽ ምንም አልሆነም። እጅሽን።»

የሺ ከነጠላው ሥር ዐሥሩን ጣት ቀስ አድርጋ አወጣች። ሰዓዳ ደነገጠች።

«ያ አላህ! ማን በላሽ?»

«እኔው ነኝ። ሲጨንቀኝ ነው። ስብሰባ በበዛ ቁጥር ቃለ ጉባኤ ይበዛል፣ ቃለ ጉባኤ በበዛ ቁጥር…» ብላ አውራ ጣቷን ወደ አፏ ስትወስድ ሰዓዳ መንጭቃ መለሰችው።

የሺ ጥር ዐሥራ ሰባት እሑድ ልታገባ ነው። ከዚያ በፊት ስብሰባ ያልተጠራበት እሑድ አልተገኘም፤ የሚቀጥለው እሑድ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ነው። ባሏ የሚሆነው ወርቁ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው በገሳይ ከተማ መምህር ነው። በወርቁ እናት ቤት አንድ ደንብ አለ፦ ሙሽራ ገብታ ስትቀመጥ፣ ማንም ሰው እህል ሳይቀምስ በፊት፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለአማቷ በእጇ ታጎርሳለች።

«እማማ ትርንጎ ይባላሉ» አለች የሺ። «የሁለቱን ታላላቅ ልጆቻቸውን ሚስቶች ከጉርሻው በፊት እጃቸውን አገላብጠው ነው ያዩአቸው። በሬ ሲገዛ ጥርሱ እንደሚታየው! ይህን እጅ ካዩ አለቀልኝ።»

ካስኩን ስትወለውል የነበረችው ጥሩወርቅ ጣልቃ ገባች። «ስድስት ሳምንት አለሽ። አሳድጊው።»

«አሳደግኩት እኮ። ትናንት በላሁት።»

በዚህ ጊዜ ነው ሰዓዳ አጎቷን አደምን ያስታወሰችው። አደም ነጋዴ ነው። ከአሥመራ ዕቃ ሲያመጣ የማያውቀውንም ጨምሮ ያመጣል። ሱቁ ውስጥ ከአቡጀዲው በስተጀርባ ሦስት እሽግ የላስቲክ ጥፍር ካስቀመጠ ዓመት አልፎታል። የሚገዛው ቀርቶ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ጠፍቶ፣ አንዱን ጥፍር እሱ ራሱ ሽቶ ከጠርሙስ መጭለፊያ አድርጎታል።

«እኔ ጥፍር እለጥፍላታለሁ» አለች ሰዓዳ።

ጥሩወርቅ የምትወለውልበትን ጨርቅ አስቀመጠች። «አንቺ? ለሙሽራ?»

«አዎ፣ እትዬ። ወንበሩን ይስጡኝና።»

«እንግዲያ ስሚ። የሺ ገሳይ ደርሳ፣ አማቷን አጉርሳ፣ ጥፍሯ ካልወለቀ የመስኮቱ ወንበር ያንቺ ነው። ከወለቀ ግን የኔም ስም አብሮ ይወልቃል። ያን ጊዜ አጎትሽ ሱቅ ተመልሰሽ አቡጀዲ ትለኪያለሽ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

በማግስቱ ሦስቱ እሽጎች ሰዓዳ ፊት ተዘረጉ። አንዱ በቀይ ካርቶን ነው፤ ረጃጅም፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ጥፍሮች። ሁለተኛው በሰማያዊ ካርቶን ነው፤ ወፍራምና ጠንካራ። ሦስተኛው ስም በሌለው ላስቲክ የተቋጠረ፣ መልኩ የደፈረሰ ወተት የመሰለ፣ ሰው በነጻ ቢሰጠው የማይወስደው ነበር። ከእያንዳንዱ ጋር ትናንሽ የማጣበቂያ ቱቦዎችና አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱን ሦስት የሁለተኛ ደረጃ መምህራን አዩት። አንዱ ቻይንኛ ነው አለ፤ ሌላው ጃፓንኛ ነው አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ገልብጣችሁ ይዛችሁት ነው ብሎ ተከራከረ። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሰዓዳ ከጥፍሩ ከራሱ እንጂ ከጽሑፍ የምትማረው ነገር አልነበረም።

ችግሩ በማን ጣት ላይ ይሞከር ነው። እሷ በቀን አምስቴ ለሶላት ውዱእ ታደርጋለች። ውዱእ ደግሞ ውሃው ጥፍር ላይ ካልደረሰ ውዱእ አይደለም፤ ስለዚህ ለራሷ ለጥፋ መዋል አትችልም። ጎረቤቷን ጌጤን ለመነቻት። ጌጤ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጥ፣ የአናጢው የፈንታሁን ሚስት ናት፤ እጇ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ከሷ ጣት ላይ ያልወለቀ ጥፍር ከሙሽራ ጣት ላይ አይወልቅም።

ሰዓዳ በመጀመሪያ የመረጠችው እንደማንኛውም ጀማሪ ነው፦ ረጅሙንና የሚያብረቀርቀውን። ጌጤ ዐሥር ቀያይ ጥፍር ለጥፋ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ ጠበባት። ከሰዓት በኋላ ፈንታሁን ከሥራ ገብቶ ምሳ ቀረበለት።

«ጌጤ!»

«አቤት።»

«ሽሮው ውስጥ የጣት ጥፍር አለ።»

«ወዲህ በለው፤ የሰዓዳ ነው።»

«የሰዓዳ ጥፍር እኛ ሽሮ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እየተፈተነ ነው።»

ፈንታሁን ጥፍሩን በጣቱ ጫፍ አንሥቶ በእንጀራ ጠረገው። ከዚያ «አለፈ ወይስ ወደቀ?» አለ።

«ወደቀ።»

«እንግዲያ ሌላ ወጥ ጨምሪልኝ። ይሄኛው የተፈተነበት ነው።»

እስከ ማታ ድረስ ሰባቱ ወደቁ። ሰዓዳ የወደቁትን ለቅማ በር ሥር ተቀምጣ መረመረቻቸው። ስታጥፋቸው መሐላቸው ላይ ነጭ መስመር ይወጣል፤ መስመሩ ከወጣ በኋላ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራሉ። ሁለተኛም የራሷን ጥፋት አየች። የጌጤ ጥፍር ጎበጥ ያለ ነው፣ የላስቲኩ ግን ዝርግ ነው፤ በመካከላቸው ሽሮ ገብቶ ተቀምጧል። ደግሞም ቀጭን ጣት ያምራል ብላ ጠበብ ጠበብ ያሉትን መርጣ ነበር። ጠባብ ጥፍር ጎንና ጎኑን አይሸፍንም፤ እየቆነጠጠ ቆይቶ ይነሣል።

ሰማያዊው እሽግ ጭራሽ አይታጠፍም። ሰዓዳ በጥንካሬው ተደስታ ለጠፈችው። ጌጤ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋው አንዱን ነካው፤ የማይታጠፍ ነገር ደግሞ ሲነካ የሚችለው መንቀል ብቻ ነው። «እናቴ ድረሽልኝ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት እስከ ልብስ ሰፊዎቹ ተራ ድረስ ተሰማ።

«ሰዓዳ፣ እኔ አንቺን ምን በድዬሻለሁ?»

«ምንም። ሌላኛውን እጅ ስጪኝ።»

«ሌላኛው እጄ ሰምቷል፤ አይመጣም።»

ሦስት ቀን ተለማምጣ፣ አንድ እሽግ የፀጉር ማስያዣ ከአጎቷ ሱቅ አምጥታ ሰጥታ፣ ያንን የደፈረሰ ወተት የመሰለውን ለጠፈችላት። ከመለጠፏ በፊት ግን አሁን ምን መመርመር እንዳለባት ታውቃለች። አጠፈችው፤ ነጭ መስመር ሳይወጣበት ተመለሰ። ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችው፤ ውስጡ አረፋ የለም፣ ውፍረቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ከጥፍር ጋር የሚጣበቀው ታችኛው ክፍል ሳስ ብሎ የጎበጠ ስለሆነ፣ ሲቀመጥ እንደ ደረጃ ቆሞ አይታይም። ልክ የሚሆነው ቁጥር ሲጠፋም ጠባቡን መጫን ትታ ሰፊውን በሞረድ ቀነሰችው።

ጌጤ በዚያ ጥፍር በርበሬ ደለዘች፣ ልብስ አጠበች፣ ሊጥ አቦካች፣ ከፈንታሁን ጋር ተጣልታ በር ወረወረች። በዘጠነኛው ቀን ሰዓዳ ልታነሣው ማስለቀቂያውን አሴቶን ይዛ ስትመጣ ጌጤ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። መልካም ነገር ብዙ ጊዜ በመልኩ አይናገርም፤ አጥፎ የሚያየው ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን እኔ ከመጽሐፍ ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ሰዓዳ በሦስት ሳምንት ሽሮ ቤት ውስጥ ጨረሰችው።

የቀረው የሺን ማሳመን ነበር።

«ረጅም ነው የምፈልገው» አለች የሺ። «ይህ አጭር ነው።»

«የሚይዘው ጥፍር የት አለሽ? በልተሽ ጨርሰሽዋል። ግማሽ ጥፍር ላይ ረጅም ከተከልኩ ሲነካ ይዞሽ ይወጣል።»

«ትንሽ ብቻ ረዘም ቢል?»

«ወይ ረጅም፣ ወይ ባል። ምረጪ።»

የሺ ባል መረጠች። በሠርጉ ማለዳ ሰዓዳ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ዐሥሩንም ለጠፈች፣ ሞረደች፣ ቀይ ቀለም ቀባች። የሺ እጇን ወደ መስኮቱ ዘርግታ አየችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳይጠይቃት እጇን ለሰው አሳየች። ጥሩወርቅ በዐይኗ ወደ ባዶው ወንበር አየት ስታደርግ ሰዓዳ አይታለች።

ሙሽራው መጥቶ፣ በሙሽራዋ ወላጆች ቤት ምሳ ተበልቶ፣ አጃቢው በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ገሳይ ሲደርስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጥሩወርቅና ሰዓዳ አብረው ሄደዋል። ወዳጅ ተብሎ የተጠራው አደምም አለ። ዳሱ ውስጥ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ በግ ታርዶ፣ ለብቻ ተሠርቶ፣ በቀኝ በኩል ቦታ ተሰጥቷል። እንግዳው ጉርሻውን እየጠበቀ ሳለ ለእነሱ የሚቀርበው ወጥ ልክ እንደሆነ አደም እንዲቀምስና እንዲፈቅድ በሳሕን መጣ። ሰዓዳም አብራ አጠቀሰች።

ቅቤው በጣቶቿ መካከል ወርዶ እስከ አንጓዋ ደረሰ። ጠረገችው። ጥፍሯ ሥር ገብቶ ቀረ። ደግማ ጠረገችው። እዚያው ነው። አፏ ውስጥ ያለውን ሳትውጥ ቆመች።

«ምነው?» አለ አደም።

«ቅቤ!»

«አዎ፣ ቅቤ ነው። ምን እንዲሆን ፈልገሽ ነበር?»

«አጎቴ፣ ጌጤ እኮ ቅቤ አልነካችም! ያ ሁሉ ሙከራ በገና ጾም ነበር!»

እንዲህ ነው ነገሩ። ቅቤ የምትበላው ሰዓዳ በውዱእ ምክንያት ጥፍሩን አልለጠፈችም። ጥፍሩን የለጠፈችው ጌጤ ደግሞ በጾም ምክንያት ቅቤ አልነካችም። ሁለት ሃይማኖት፣ ሁለቱም ያለ ክፋት፣ ተባብረው ቅቤን ከጥፍሩ አርቀውት ከረሙ። ሰዓዳ ጥፍር ታውቃለች፤ ጌጤ ቅቤ ታውቃለች፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ቀን ግን በመካከላቸው አልነበረም። አሁን ደግሞ ጥር ነው፤ ፍስክ ነው፤ የሺም ምሳዋን ከነቅቤው በልታ ነው የመጣችው፤ ማጣበቂያው ቅቤ ይቻል አይቻል ደግሞ የፈተነው የለም።

ሰዓዳ ተነሥታ ወደ ሙሽሮቹ ስትሄድ አንዲት ሴት ማስታጠቢያ ይዛ ወደዚያው እያመራች ነበር። «እኔ ላስታጥብ» ብላ ተቀበለቻት። የሺ ፊት ተንበረከከች፣ ውሃውን አፈሰሰች፣ ፎጣውን ዘርግታ ከሥሩ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካች። ግራው ደኅና ነው። በቀኙ አራቱ ይዘዋል። አውራ ጣቷ ላይ ያለው ግን እንደ ላላ በር ወዲያና ወዲህ ይላል።

«አትነቃነቂ» አለች በሹክሹክታ።

«ምን ሆነ?»

«ቅቤ።»

«ሰዓዳ፣ እሞታለሁ።»

«ሙሽራ ነሽ፤ ዛሬ አትሞቺም። እንደያዘ ይቆይ ይሆናል። ላይቆይም ይችላል።»

ቀና ብላ አየች። በስተግራ ጥሩወርቅ ወደ እነሱ እያየች ነው። በስተቀኝ እማማ ትርንጎ፣ ቀጭንና ቀጥ ያሉ ሽማግሌ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ለጉርሻው ተዘጋጅተዋል፤ አፋቸው ውስጥ የቀሩት ጥርሶች ቢበዛ አራት ናቸው፤ ማኘክ ትተው መዋጥ የጀመሩ ሰው ናቸው። ሰዓዳ የመስኮቱን ወንበር አሰበች። ከዚያ የእማማ ትርንጎን ጉሮሮ አሰበች። ፎጣው ሥር ጥፍሩን ይዛ ነቀለችው።

የሺ በዘጠኝ ቀይ ጥፍርና በአንድ የተበላ አውራ ጣት ጉርሻ ጠቀለለች። እማማ ትርንጎ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ እንደተፈራው፣ እጇን አንጓው ላይ ያዙና ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ዘጠኝ ናቸው» አሉ። «አንዷ የት ሄደች?»

የሺ ዐይኗ ዕንባ ሞላ። ሰዓዳ ተንበርክካ እንዳለች እጇን ዘረጋች፤ መዳፏ ላይ ቀይዋ ጥፍር አለች።

«እኔ ጋ ናት፣ እማማ።»

«ምንድን ናት?»

«የላስቲክ ጥፍር ናት።»

«ሌሎቹስ?»

«እነሱም።»

እማማ ትርንጎ ጥፍሯን ተቀበሉ። አጠፏት፤ ተመለሰች። ወደ ብርሃን አንሥተው አዩዋት። ከአራቱ ጥርሳቸው በአንዱ ነከስ አደረጓት። ሰዓዳ እነዚያን ሁሉ ለመማር ሦስት ሳምንት ፈጅቶባት ነበር።

«ዕቃዋስ ደግ ናት» አሉ። «ማነው የመረጣት?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ነቀልሻት?»

«ላልታ ነበር። ጉርሻው ውስጥ ገብታ እንዳታንቅዎ ብዬ።»

«ምን አላላት?»

«ቅቤ።»

«አይ ልጄ፣ ስትመርጪ ቅቤ አላስነካሻትም?»

«በጾም ነበር የሞከርናት፣ እማማ።»

የእማማ ትርንጎ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅሱ የመሰላቸው ነበሩ። «በጾም!» አሉ ወደ እንግዳው ዞረው። «ሰማችሁ? የጾም ጥፍር አድርገው ነው የላኩልኝ! ሙሽራዬ እስከ ፋሲካ ሽሮ ልትበላ ነው!» ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ወርቁ ነበር፤ የሺ በክርኗ እስክትጎስመው ድረስ።

«አንቺስ ምን ሆነሽ በላሽው?» አሉ ወደ የሺ።

«ጭንቀት ነው፣ እማማ። እርስዎን ፈርቼ ነው።»

«በይ አሁን አይተሽኛል፤ ተይ። አጉርሺኝ፤ ወጡ በረደ።»

አጎረሰቻቸው። ዋጡ። እልልታው ቀለጠ። ሰዓዳ ማስታጠቢያዋን አንሥታ ልትሄድ ስትል እማማ ትርንጎ ቀሚሷን ያዝ አደረጓት። ጎንበስ ብለው የግራ እጃቸውን ከነጠላው ሥር አወጡ፤ ለሷ ብቻ በሚታይበት አኳኋን። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ግማሹ የለም።

«የወፍጮ መጅ ነው የወሰደው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሠላሳ ዓመት ሆነው። ለዚህ የምትሆን አለችሽ?»

ሰዓዳ ጣቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ጎባጣነቱን፣ ስፋቱን፣ የቀረችውን ግማሽ። «ሰፊ ይፈልጋል» አለች። «እሱንም መሞረድ አለብኝ። ዛሬ አይሆንም።»

«መቼ ነው የሚሆነው?»

«ቅቤ ካስነካሁት በኋላ።»

ሲመለሱ በጭነት መኪናው ላይ ጥሩወርቅና ሰዓዳ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ሰዓዳ፣ «ወለቀ፣ እትዬ» አለች።

«አልወለቀም። አንቺ ነሽ የነቀልሽው።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። የወለቀ ቢሆን ኖሮ አሁን የምንመለሰው ከሠርግ አይደለም፤ ከለቅሶ ነው።» ጥሩወርቅ ነጠላዋን ከነፋሱ ሰበሰበች። «አንቺን እያየሁሽ ነበር። እኔን አየሽኝ፣ ወንበሩን አሰብሽው፣ ሴትዮዋን አየሻቸው፣ ከዚያ ነቀልሽ። እኔ ብሆን…» ብላ ሳትጨርስ ተወችው። «ለማንኛውም ነገ ወንበሩን አቧራውን አራግፊለት። ዱካውን በር ሥር አልፈልገውም፤ እግሬን ይመታኛል።»

በሳምንቱ ማክሰኞ እማማ ትርንጎ በአውቶቡስ ከገሳይ መጡ። ሰዓዳ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ሰፊ ጥፍር መርጣ፣ በሞረድ ቀንሳ፣ ለጠፈችው፤ ቀለም ግን አልቀባችውም።

«አለቀ?» አሉ።

«አላለቀም። ይበሉበትና እንይ።»

«ምን ያህል ነው የምበላበት?»

«እስኪጠግቡ፣ እማማ። ወጡ በደንብ ቅቤ ያለው ነው፤ ጌጤ ሠርታዋለች።»

እማማ ትርንጎ ግራ እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘርግተው አውራ ጣታቸውን አገላብጠው አዩት። «በግራ እጅ መብላት ነውር ነው» አሉ፤ ቀና ብለው ወደ በሩ፣ ወደ መንገዱ ተመለከቱ። «መጋረጃውን ዝጊና አምጪው።»